ደም መጣጭ እዚህ፣ ቡዳ እዚያ

እዚህ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2001 የተሠራ አንድ ፊልም አለ። ኢየሱስ ክርስቶስ ኦታዋ ወርዶ ከደም መጣጮች (ከመቃብር እየተነሡ የሰው ደም ይመጣሉ ከሚባሉት ሙታን፣ ቫምፓየሮች) ጋር በኩንግ ፉ ሲደባደብ ያሳያል። በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ኮሜዲ ነው። ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት ወሬው ተነሣና አንዱ ኮስተር ብሎ "እውነተኛ ታሪክ እኮ ነው" አለ። ሌላው ተቀበለው፤ "አዎ፣ አጎቴ በዓይኑ አይቷል።" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

በደም መጣጩ እኔም ስቄያለሁ። በጌታ ስም ሲቀለድ ግን አንጀቴ እምቢ አለኝ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ለነሱ ሁለቱም ተረት ናቸው።

የወሎ ልጅ ቀልድ ብርቁ አይደለም። ደሴ ውስጥ ክርስቲያኑም "ወላሂ" ይላል፤ ሲያጽናናም "አብሽር" ነው የሚለው። ሠርግ ሲደገስ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ከብት ለየብቻ ይታረዳል፤ ድስቱም ለየብቻ ይጣዳል፤ ጨዋታው ግን አንድ ላይ ነው። በሁዳዴ ሙስሊሙ ጎረቤት "ዛሬም ሽሮ ናት?" እያለ ይተርባል። በረመዳን ደግሞ ክርስቲያኑ ተራውን "አዛን ዘገየብህ አይደል?" ይለዋል። የሚቀለደው በሰውየው ሆድ ነው። ፈጣሪም ነቢዩም በቀልዱ አይነሡም። ለዚህ ነው ሳቁ ማንንም ሳያስቀይም ቡናው ሦስተኛ የሚደርሰው። ይህ ጨዋታ እዚህ በጣም ይናፍቀኛል።

በሌላ በኩል እኛ ገና ያልሳቅንበት ነገር አለ፤ ቡዳ። የፈረንጅ ደም መጣጭ በነጭ ሽንኩርት ይባረራል። እኛም ጋ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ለቡዳ መከላከያ ይባላል። ልዩነቱ የነሱ ደም መጣጭ ፊልም ላይ ሲቀር የኛ ቡዳ ስምና ቤት ያለው ጎረቤት መሆኑ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራዋ።

ፈረንጆቹም ሁልጊዜ አልሳቁም። አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1892 መርሲ ብራውን የምትባል የ19 ዓመት ልጅ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። እናቷና እህቷም በዚሁ በሽታ ቀድመዋት ሞተው ነበር። ወንድሟም ታሞ ስለነበር ሰው "ከሞቱት አንዷ ናት ደሙን የምትመጠው" አለ። ሬሳዋ ሲታይ አልፈረሰም። ወሩ ብርድ ነበር፣ ገና መቃብርም አልገባችም፤ እንዴት ይፈርሳል? ልባቸው ግን አልተመለሰም፤ ልቧን አቃጥለው አመዱን በውኃ በጥብጠው ለወንድሟ አጠጡት። ሁለት ወር ሳይሞላ እሱም ሞተ። የሚያሳዝነው፣ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የበሽታውን ባክቴሪያ ካገኘ 10 ዓመት ሆኖት ነበር። የምሳ ሰዓቱ ሳቅ ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ነው። እኔም ለአገሬ የምመኘው ይህንኑ ነው፤ በፈጣሪ ሳይሆን በቡዳ የሚሳቅበትን ቀን።

አዲስ ሐሳብም አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ አለፈ፤ አንዳንድ ሰፈር ግን የሸክላ ሠሪዋ ጀበና ይገዛል፣ ቡናው ይፈላበታል፣ ልጇ ግን ለጋብቻ አትጠየቅም። ሕፃን ሲታመምም ገና ጤና ጣቢያ ሳይደርስ "ማን አይቶት ነው?" ይባላል። ይህ ነገር ያበሳጨኛል። ልጁ የሚድንበት ጊዜ በከንቱ ያልፋል፤ ያቺ ሸክላ ሠሪም ያለ ጥፋቷ ሰው ይፈራታል።

ስለዚህ ጉዳይ አክስቴን በስልክ ጠየቅኋት። "እኔስ አላምንም ልጄ" አለችኝ፤ ትንሽ ቆየት ብላ "ግን ምን ይታወቃል?" አለች። አልቀለድኩባትም። የመርሲን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። "ወይኔ፣ ልቧን?" ብላ ደነገጠች። "የኛ ሰው እንኳ እንዲህ አላደረገም" አለች። እኔም "ልብ አላቃጠልንም እትዬ፣ ግን የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ለልጅሽ ትጠይቂያት ነበር?" አልኳት። ዝም አላለችም። "እናቷ መልካም ሰው ናት፣ ልጂቱም ጨዋ ናት" ብላ ብዙ አወራችኝ። ያልመለሰችልኝ ጥያቄው ራሱን ነው። ስደውል ደግሜ አነሣባታለሁ።