ይድረስ ለክቡር ሊዝሆልድ፣ በለንደን የፍላት ባለቤትነትን ለሚገዛው የሊዝ ሥርዓት፦ ከፍላት 14 ጭሰኛዎ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከሰርቪስ ቻርጅዎ (ከሕንፃው የጥገናና የጽዳት ክፍያ) በስተቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን የምጽፍልዎ ባለፈው ቅዳሜ ስለሆነው ነገር ነው። ወሬው ሳይደርስዎ አልቀረም፣ ምስለኔዎ ፎቶ እያነሳ ነበር (ምስለኔ የምለው ማኔጂንግ ኤጀንቱን ነው፣ ሌላ አማርኛ አጣሁለት)። ፎቶው ላይ የማይታየውን እኔ ልንገርዎ።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታልኛለች። ስለ ቪዛው ሌላ ቀን እናወራለን። ልጄ ለንደን ቤት ገዛ ብላ ለሰፈሩም ለማኅበሯም አውርታ አውርታ በዓይኗ ልታየው ነው የመጣችው፣ ከገባች ጀምሮ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ስትመርቅ ከረመች። ቅዳሜ ጠዋት ቡና ልታፈላ ቄጤማውን ጎዘጎዘች (ፕላስቲክ ነው፣ ምን ይደረግ)፣ ረከቦቱ ተቀመጠ፣ ፈንዲሻው ወጣ፣ እኔ ደግሞ በዕጣኑ አላርሙ እንዳይጮህ ወንበር ላይ ወጥቼ በፎጣ ሳራግብ በሩ ተንኳኳ። ቀጠሮው ማክሰኞ ነበር፣ ኢሜይሉ እጄ ላይ አለ።

የእርስዎ ሰው ታብሌቱን ይዞ ገባ፣ ከነጫማው ቄጤማው ላይ ቆመ፣ ከዛ ተንበርክኮ ወለሉን በብዕሩ ጫፍ ኳ ኳ ኳ አደረገና «ላሚኔት» (እንጨት መሰሉ ንጣፍ) አለ፣ የደም ምርመራ ውጤት እንደሚነግር ሐኪም። ውላችን ላይ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት በቀር ወለሉ በሙሉ ከሥሩ ስፖንጅ ባለው ምንጣፍ ይሸፈን ይላል፣ አውቃለሁ፣ አሁን አውቃለሁ። ምንጣፉን ያነሳሁት ከኔ በፊት የነበሩት ሰዎች ድመት የሠራችበት ሽታ አላስተኛ ብሎኝ ነው። እናቴ እንግዳ መጣ ብላ አቦሉን ቀድታ ሰጠችው። ተቀበላት። ስኳር አስጨመረ። በአንድ እጁ እየጠጣ በሌላው የረከቦቱን እግር ወለሉ ላይ እንዳረፈ ፎቶ አነሳው።

«ማነው ልጄ?»

«የባለቤቱ ሰው ነው እማዬ፣ ወለሉን ሊያይ ነው።»

«የምን ባለቤት? ባለቤቱ አንተ አይደለህም እንዴ?»

እስቲ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይመልሱ ነበር? የ30 ዓመት ሞርጌጅ የተሸከምኩ ሰውዬ እናቴ ፊት ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ሕንፃውም መሬቱም የሌላ ሰው ነው እማዬ፣ እኔ የገዛሁት ለ99 ዓመት የመኖር መብት ነው፣ እሱም በፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ የሚቆጠር ስለሆነ አሁን 81 ቀርቶኛል፣ ለመሬቱ በዓመት 250 ፓውንድ እከፍላለሁ፣ ለጥገናው ለጽዳቱ ለኢንሹራንሱ ደግሞ እነሱ ያዛሉ እኔ እከፍላለሁ፣ ወለል ስቀይር አስፈቅዳለሁ፣ ከግድግዳው ልስኑ የኔ ነው ጡቡ የነሱ ነው፣ ከመስኮቱ መስታወቱ የኔ ነው ፍሬሙ የነሱ ነው። ስኒ እያለቀለቀች ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ቀበሌ ቤት ነዋ!» አለች።

ክቡር ሆይ፣ ሶሊሲተሬ፣ የቤት ግዢው ጠበቃ፣ ያን ሁሉ ብር በልቶ እንዲህ ጥርት አድርጎ አልነገረኝም። እሷ ነገሩን ታውቀዋለች፣ ግማሽ ዕድሜዋን ቀበሌ ቤት ነው የኖረችው፣ ጣራው ሲያፈስ አንድ ቆርቆሮ ለመቀየር ስንቴ እንደተመላለሰች እኔም ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ቀጥላ ኪራዩን ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም። ቀበሌ ቤት ቢያንስ ርካሽ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ደብዳቤው መጣ። ለላሚኔቱ ፈቃድ መጠየቅ እችላለሁ፣ ጥያቄዬን ለማየት 350 ፓውንድ ሲደመር ቫት። ለመፍቀድ አይደለም፣ ለማየት! አቦሉን ጠጥቶ ለሄደው ሰውዬ የኢንስፔክሽን 180። ከታች ደግሞ «ውሉን መጣሴን አምናለሁ» የምትል መስመርና የፊርማ ቦታ። በጣም ትሁት የሆነች መስመር ናት፣ እናቴ ብትሆን በይሉኝታ ትፈርምላት ነበር፣ እኔም እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፣ የሕግ ሰው የሆነ ጓደኛዬ በስልክ «አስቀምጥ!» ብሎ ባይጮህብኝ።

ስማ እንግዲህ። አንተን ነው። በ2002ቱ የሊዝሆልድ ሕግ ውል ጣሰ ብለህ የ146 ማስታወቂያ (ቤቱን ለመንጠቅ የሚቀድመውን ደብዳቤ) እንድትልክብኝ ወይ ትሪቡናሉ፣ የቤት ክርክር የሚያየው ችሎት፣ ጥሷል ማለት አለበት ወይ እኔ ራሴ ማመን አለብኝ። ያቺ ትሁት ፊርማ ትሪቡናል የምትሄድበትን ድካም ነበር የምታሳጥርልህ! የዚያ መንገድ ጫፍ ደግሞ ፎርፊቸር ነው፣ ቤቱን መንጠቅ። ባንክ እንኳን፣ ባንክ፣ ዕዳ አልከፈልክም ብሎ ቤት ሲሸጥ የራሱን ወስዶ ትርፉን ይመልሳል፣ አንተ ግን ፎርፊት ካደረግክ ቤቱን ከነሙሉ ዋጋው ነው የምትበላው። ያልከፈልኩት የመሬት ኪራይ ዕዳም ከ350 ፓውንድ ካለፈ ወይ ሳይከፈል ሦስት ዓመት ካለፈው በዚሁ በር መግባት ትችላለህ። ፍርድ ቤት ብዙ ጊዜ ያድናል ይሉኛል፣ እሺ ያድናል፣ እስኪያድነኝ ሌሊቱን የማድረው እኔ፣ ውሉ ላይ ያንተንም ጠበቃ የሚከፍለው እኔ! ሌሊት ፈረቃ ሠርቼ፣ አውቶቡስ ውስጥ እያንቀላፋሁ ያጠራቀምኩት ነው። ወለል ለቀየርኩበት?

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ አፌ ነው። ወደ ጨዋታችን እንመለስ።

እርስዎ ደጃፍ ለመድረስ የተንከራተትኩትን ያውቃሉ? ሶሊሲተሩ ገንዘቡ ከየት መጣ አለኝ፣ ሕግ ነው፣ ሕገወጥ ገንዘብ እንዳይሆን ያጣራሉ፣ ይሁን፣ ደመወዜን አሳየሁ፣ ቁጠባዬን አሳየሁ፣ ከዛ 12 ሺህ ፓውንድ በአንድ ቀን ገብቷል ይሄስ ምንድነው ሲለኝ ዕቁብ አልኩት፣ ምንድነው ዕቁብ፣ ሃያ አራት ሰው ነን በየወሩ እናዋጣለን ዕጣ የወጣለት ይወስዳል፣ ሎተሪ ነው? አይደለም፣ ብድር ነው? አይደለም፣ ወለዱስ? የለውም፣ ውሉስ? የለውም፣ ታዲያ በምን ትተማመናላችሁ? በሰብሳቢያችን አልኩት፣ እሳቸው ጥቁር ደብተር አላቸው። ደብተሩን ስካን አድርገን አስተርጉመን ላክን። ሰብሳቢያችን እስከ ዛሬ ሲያዩኝ ፓስፖርታቸውን የጠየቅኳቸውን ቀን ያስታውሱኛል።

ከዚያ ደግሞ በአካባቢው ያለ የጥንት ቤተክርስቲያን ጣራው ቢያፈስ አሳዳሹ እኔ ልሆን እንደምችል ተነገረኝና ኢንሹራንስ ገዛሁበት። የኛ ደብር ጣራም እኮ ያፈሳል።

የቤቱን ካርታ እማዬ ልታየው ትፈልጋለች። ፒዲኤፍ ነው። 7 ፓውንድ ከከፈለ ማንም ያወርደዋል።

አንድ ነገር ግን ጠይቄዎ ልለፍ፣ ስለ 81ዱ ዓመት። ከ80 በታች የወረደ ቀን ውሉን ለማራዘም ስጠይቅ «የጋብቻ ዋጋ» የሚባል ይጨመርብኛል አሉ። ማን ማንን እንዳገባ አልገባኝም፣ ጥሎሹን የምሰጠው ግን እኔ ነኝ። እሱን የሚያስቀር፣ ማራዘሚያውንም ከ90 ወደ 990 ዓመት የሚያደርስ ሕግ በግንቦት 2024 ንጉሡ ድረስ ሄዶ ጸድቋል፣ እሰይ አልን፣ እነዚህ ሁለቱ ግን ሥራ ላይ የሚውሉበት ቀን ገና ነው። ወረቀት ላይ ያለ ሕግ መጠበቅ ለምደናል፣ በዚህ እንኳን ከሀገሬም ብዙ አልራቅኩም፣ አዲስ አበባም መኖሪያ ቤት በሊዝ 99 ዓመት ነው። ከሊዝ ሸሽቼ ሊዝ! ባቡር ይዤ ስኮትላንድ ብሄድ ፍላት የገዛ ሰው ፍላቱ የራሱ ነው።

የኮሪደሩ አምፖል አራት ወር ሆነው። ሂሳቡ ላይ ግን ይበራል።

ደግሞ ይሄ ቁንዶ በርበሬ። ከሰኔ 2022 ወዲህ የሚፈረም አዲስ ረጅም ሊዝ የመሬት ኪራዩ «አንድ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ» ነው፣ ቃል በቃል፣ ዜሮ ለማለት ነው። እኔ የገዛሁት ያረጀውን ውል ነውና አይመለከተኝም፣ ጎረቤት ያለው አዲሱ ሕንፃ ግን በቁንዶ በርበሬ ይኖራል፣ እኔ በ250 ፓውንድ። በሕጉ ካራዘምኩ እኔም ቁንዶ በርበሬ ውስጥ እገባለሁ፣ የማራዘሚያውን ብር ካገኘሁ፣ የዕቁቡ ዕጣ ሲደርሰኝ።

ስለ ደብዳቤው መልሴ የሚከተለው ነው። አልፈረምኩም። እንዲህ ያለ ክፍያ ምክንያታዊ መሆን አለበት ተብዬአለሁ፣ ትሪቡናሉ እንዲያየው መጠየቅ እችላለሁ፣ ከማስከፈያው ጋር የመብቶቼ ማጠቃለያ ካልተያያዘም እስኪያያዝ አለመክፈል መብቴ ነው። አልተያያዘም። ገልብጬ አይቻለሁ፣ ከኋላው ባዶ ነው። ሰውየዎም አቦሉን ብቻ ጠጥቶ ነው የሄደው፣ ቶናውንና በረካውን አልጠበቀም፣ እናቴ አሁንም ከፍቷት «ምን አስቀይመነው ነው?» ትላለች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር እማዬ በሻንጣዋ ካመጣችው አንድ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ አያይዣለሁ፣ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ደረሰኝ ይላክልኝ።

ጭሰኛዎ፣ ፍላት 14