ምስጋና ለካርቶን ጣዮች

ሰሞኑን አንድ የባሕር ዳር ልጅ አዲስ ስልክ መግዛቱን በፌስቡክ አበሰረን። ከጀርባው ጣና፣ ከጎኑ ዘንባባ፣ በእጁ ካርቶኑ፤ ካርቶኑ ላይ ደግሞ ያ ነጭ ተለጣፊ ወረቀት አንድም አሃዝ ሳይደበዝዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፎቶ ያነሳው ሰው እጁ ይባረክ። የእንኳን ደስ አለህ መልእክቱ ጎረፈ፤ «ወንድሜ፣ ቁጥሩን ሸፍነው» ያለ አንድ የዋህ ደግሞ ምቀኛ ተብሎ ተባረረ።

እኛ መመስገን ያለብን ሕዝብ ነን። አይ ኤም ኢ አይ የሚባለውን የቀፎ መለያ ቁጥር ለማናውቀው ሁሉ በነፃ እናድላለን፤ ለራሳችን ግን አናስቀርም። አምራቹ በከንቱ ደክሟል። 15 አሃዝ ደርድሮ በመጀመሪያዎቹ 8 የስልኩን ሞዴል፣ በተከታዮቹ 6 ያንን አንድ ቀፎ ለይቶ፣ በመጨረሻዋ ደግሞ ሌሎቹ ሳይዛቡ መጻፋቸውን የሚያጣራ አድርጎ ልኮልናል። እኛ ለስልካችን የቆዳ ልብስ እንገዛለን፣ መስታወት እናስለጥፋለን፣ ባጃጅ ውስጥ እንደ አራስ ልጅ እናቅፈዋለን፤ ካርቶኑን ግን በሳምንቱ ከቆሻሻ ጋር እንሸኘዋለን። ቆጣቢ ቤት ከሆነ መርፌና ክር ይቀመጥበታል። ቀሪ ሒሳብ ለማየት *804# በእንቅልፍ ልቡ የሚደውል ሰው፣ ይህን የቀፎ ቁጥር ለማየት ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ንካ ሲባል ድግምት የሰማ ይመስል ያማትባል። ሒሳብ አይቆርጥም፣ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ምናልባት የናቅነው ለዚህ ይሆናል።

የእኔ ተወዳጅ ግን ስልካቸው ጣና ዳር ተመንትፎባቸው ለማመልከት የመጡ አንድ አባት ናቸው። በሌላ ጉዳይ ሰልፉ ውስጥ ስለነበርሁ ከመጀመሪያው ሰምቻለሁ።

«የቀፎው መለያ ቁጥር ስንት ነው፣ ጋሼ?» አለ መዝጋቢው ወጣት።

«ዜሮ ዘጠኝ...»

«እሱ የሲሙ ነው፤ ሌላ ቀፎ ውስጥም ይገባል። የቀፎውን ነው የምጠይቅዎት።»

«ልጄ፣ ቁጥር ምን ያደርግልሃል? ሺህ ስልክ መሐል ብትደባልቀው እለየዋለሁ። መስታወቱ የተሰነጠቀው ልክ እንደ ጣና ነው።»

ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እርሳቸው ቀጠሉ። ስንጥቁ የሚነሳው ከታች በስተቀኝ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ነው። ወደ ግራ ታጥፎ ዘጌን ያልፋል፤ ቁንዝላ ላይ ትንሽ ሰፋ ይላል፣ ይህ እንኳ ለፋሲካ በግ ሲጎትቱ ወድቆ የመጣ ነው። ከደልጊ ሽቅብ ወጥቶ ጎርጎራ ላይ የካሜራውን ቀዳዳ ይነካል። መልሱ በፎገራ በኩል ነው፤ እዚያ ጋ ጣት ይቧጭራል። መሐል ላይ ሳይሰነጠቅ የተረፈው ክብ ደቅ ነው። አጠገቡ ያለችው ነጥብ ዳጋ ናት፤ እርሷን የነካ ሰው ሳያስበው ስልክ ይደውላል።

«ለማን?» አለ ከሰልፉ አንዱ።

«ለአማቴ።»

ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋውን ሐይቅ ዳር ለዳር አዞሩን፤ ወደብ አልቀረን፣ ደሴት አልቀረን። ቁጥሩ ግን የለም። ወጣቱ በመጨረሻ «ጥቁር፣ የተሰነጠቀ» ብሎ ጻፈ። በዚያ መግለጫ ቢፈተሽ ከሰልፈኛው ግማሹ እዚያው ይታሰር ነበር።

ጥንቁቆችም አሉን፤ አይረሱ። ቁጥሩን ፎቶ አንስተው አስቀምጠዋል። የት? እዚያው ስልኩ ውስጥ። ሌባው ቢቸገር እንዲያመሳክርበት ይሆናል። አሮጌ ደብተር ጥግ ላይ መጻፍ ለእነርሱ ኋላ ቀርነት ነው።

አሁን ሽሙጡ ይቆየኝ። ሌባውን በደመወዝ የሚያኖረው ገዢው ነው። በግማሽ ዋጋ ሲባል ዓይኑ የሚበራ፣ ካርቶኑ የታለ፣ ደረሰኙስ ብሎ የማይጠይቅ፣ አምስት ቁልፍ ነክቶ የሚወጣውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር የማያስተያይ፣ ማታ ደግሞ «ከተማው በሌባ ተሞላ» እያለ ቡና የሚጠጣ! ያ ስልክ የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሟች አባቷ ድምፅ የነበረበት ነው። አላወቅሁም አትበለኝ። ስለጠረጠርህ ነው ያልጠየቅኸው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በቴሌግራም «መለያ ቁጥሩን ይላኩ፣ ስልክዎ ያለበትን ቤት በካርታ እናሳይዎታለን» የሚሉ በጎ አድራጊዎች ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ቀፎ ከኔትወርክ ጋር ሲገናኝ ቁጥሩን የሚያየውም ሆነ የሚያግደው አገልግሎት ሰጪው ነው፤ ቴሌግራም ላይ የተቀመጠ ሰው ምንም አይታየውም። እነዚህ ግን ይታያቸዋል። ቁጥሩን የማያውቅ ደንበኛ ቢመጣም አይከፋቸውም፤ ያለ ቁጥር ለሚፈለግ ስልክ ዋጋው ትንሽ ጨመር ይላል፣ በቃ። ክፍያው በሞባይል ስለሆነ ደንበኛው የሚስቱን ስልክ ይዋሳል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ለሚስቱ ስልክ በመልእክት የሚደርሰውን የማረጋገጫ ቁጥር እንዲያነብላቸው ይጠይቁታል። ይህኛውን ቁጥር አንድም አሃዝ ሳይስት፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ያነብላቸዋል።