የሰው ደመወዝ ለምትቆጥሩ ወገኖቼ

የክሪስቲያኖ ሮናልዶን ደመወዝ በቃላችሁ ታውቃላችሁ። በየካፌው፣ በየታክሲው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ስትነጋገሩበት እሰማለሁ። በዓመት ስንት፣ በሳምንት ስንት፣ በቀን ስንት እንደሚደርሰው ወደ ብር መንዝራችሁ ትናገራላችሁ፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል። ሜሲ ከባርሴሎና ጋር የነበረው የመጨረሻ ውል በአራት ዓመት እስከ 555 ሚሊዮን ዩሮ ይደርስ እንደነበር፣ ኔይማር በ222 ሚሊዮን ዩሮ ወደ ፓሪስ እንደተዛወረ አትዘነጉም። እስቲ እኔም አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ታምራት ቶላ የፓሪስ ኦሊምፒክን ማራቶን ሲያሸንፍ የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ስንት ከፈለው?

50,000 ዶላር ነው። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ታምራት በተጠባባቂነት ተይዞ ሄዶ፣ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲቀር በእርሱ ቦታ ገብቶ፣ ከፓሪስ ቬርሳይ ደርሶ የሚመለሰውን ዳገታማ መንገድ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨርሶ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህች ገንዘብ እንኳ የተገኘችው ፌዴሬሽኑ ለኦሊምፒክ ወርቅ መክፈል የጀመረው በዚያው ዓመት በመሆኑ ነው። ፎርብስ መጽሔት በዚያ ዓመት የሮናልዶን ገቢ 260 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ገምቶታል። የእንቅልፉ ሰዓት ሳይቀር ተቆጥሮ ሲካፈል በሰዓት ወደ 30,000 ዶላር ይጠጋል። ታምራት ያንን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ በነበረበት ጊዜ ውስጥ ሮናልዶ ተኝቶም ቢሆን ከ60,000 ዶላር በላይ ገብቶለታል። የኛን ሰው ዋጋ ሳናውቅ የሰውን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ መቁጠር ምን የሚሉት ትጋት ነው?

ሮናልዶን ለመውቀስ አልተነሳሁም። ሌባ አይደለም፤ ከድህነት ወጥቶ ሰውነቱን እንደ አደራ ዕቃ ጠብቆ የያዘ ሠራተኛ ነው። ኳስ ተጫዋች ዝቅተኛ ደመወዝ በሚከፈልበት ዘመንም ጽድቅ አልነበረም። በእንግሊዝ እስከ እ.ኤ.አ. 1961 መጀመሪያ ድረስ የአንድ ተጫዋች ሳምንታዊ ክፍያ ከ20 ፓውንድ እንዳይበልጥ በደንብ ተወስኖ ነበር። ስታዲየሙ ጢም ብሎ ይሞላል፣ በር ላይ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ሕዝቡ ሊያየው የመጣው ሰው ግን የፋብሪካ ሠራተኛ ያህል ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። የተጫዋቾች ማኅበር በጂሚ ሂል መሪነት ሥራ እናቆማለን ብሎ ሲነሳ ነው ጣሪያው የተነሳውና የፉልሃሙ ጆኒ ሄይንስ 100 ፓውንድ በሳምንት ያገኘው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 ፕሪሚየር ሊግ ከነቴሌቪዥን ገንዘቡ መጣ፤ በ1995 ቤልጅየማዊው ተጫዋች ቦስማን በአውሮፓ ፍርድ ቤት ያሸነፈበት ፍርድ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ወደ ፈለገበት እንዲሄድ ፈቀደለት። ዛሬ የእንግሊዝ ቴሌቪዥኖች ብቻ ለአራት ዓመት የፕሪሚየር ሊግ ስርጭት 6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ይከፍላሉ፤ ከእንግሊዝ ውጭ የሚሸጠው፣ እኛም የምናዋጣበት፣ ሌላ ነው። ገንዘቡ ከተሰበሰበ ለአንዱ መድረሱ አይቀርም፤ ለባለሀብቱ ከሚደርስ ለሚጫወተው ቢደርስ ይሻላል እላለሁ።

ወቀሳዬ ለእኛ ነው። «ለኳስ ይህ ሁሉ ገንዘብ! ዓለም አብዳለች» እያላችሁ የምታማርሩት የዲኤስቲቪ ወርሃዊ ክፍያችሁን ከፍላችሁ በተቀመጣችሁበት ወንበር ላይ ነው። የኮከብ ገቢ ከሰማይ አይወርድም። ጨዋታውን በማየታችሁ፣ ማሊያውን በመግዛታችሁ፣ ፎቶውን በስልካችሁ በማሰራጨታችሁ፣ ማስታወቂያውን ሳታስቡት በመዋጣችሁ የሚጠራቀም ነው። ማየት ኃጢአት ነው አላልኩም፤ እኔም አያለሁ፣ ጥሩ ግብ ሲቆጠር እነሳለሁ። ከፋይ መሆናችንን ረስተን ታዛቢ የሆንን መምሰላችን ግን ራስን ማታለል ነው።

ከሁሉ የከፋው ውርርዱ ነው። የውርርድ ቤት በየሰፈራችን እንዴት እንደበዛ አይታችኋል፤ ቤቱ ቢታሸግም በስልካችሁ በኩል ኪሳችሁ ውስጥ ገብቷል። በእንግሊዝ የቁማር ድርጅቶች ስማቸውን በክለቦች ማሊያ ደረት ላይ ለማስጻፍ ብዙ ገንዘብ ሲከፍሉ ኖረዋል። ግፊቱ ሲበረታ ክለቦቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ተሰብስበው ከ2025/26 የውድድር ዘመን በኋላ ከደረታቸው ሊያነሱት ተስማሙ። ተጫዋቾቹ ኢቫን ቶኒ ለ8 ወር፣ ሳንድሮ ቶናሊ ለ10 ወር ከሜዳ የታገዱት በውርርድ ጥፋት ነው። ሚሊዮን የሚከፈላቸው፣ ጨዋታውን ከውስጥ የሚያውቁ ሰዎች ያልቻሉትን ነገር በቀን ሥራ የሚያድር ወጣት ይችለዋል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አሥር ጨዋታ የያዘች ትኬት ቆረጣችሁ እንበል። አዋቂ ናችሁና እያንዳንዱን ጨዋታ በትክክል የመገመት ዕድላችሁ 60 ከመቶ ይሁን። አሥሩም አንድ ላይ የሚሰምሩላችሁ ከ1,000 ትኬት በስድስቱ ብቻ ነው። አቋማሪው ድርጅት ደግሞ በየጨዋታው ሊከፍል ከሚገባው 5 ከመቶ ብቻ ቢቀንስ፣ አሥር ጊዜ ሲደራረብ ከ100 ብራችሁ 40 ያህሉን ገና ኳሱ ሳይመታ ወስዶታል። «አንድ ጨዋታ ብቻ አበላሸብኝ» እያላችሁ ስትቆጩ እሰማለሁ። ዘጠኝ አግኝቶ በአንዱ መውደቅ ዕድለ ቢስነት አይደለም፤ ትኬቷ የተሠራችው እንዲያ እንድትወድቅና ነገ እንድትመለሱ ነው። አሸንፎ ለወዳጆቹ ሁሉ የጋበዘውን አንድ ሰው ታስታውሳላችሁ። የተሸነፉት በዝምታ ቤታቸው ስለሚገቡ ስማቸው አይወሳም፤ የቤት ኪራይ ሲጠየቁ ነው የሚታወቁት።

አሁን የምናገረው ልቤን ስለሚያቃጥለኝ ቃሌ ቢጠነክር ይቅር በሉኝ። ሮናልዶ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፈረመለት አል ናስር የሪያድ ክለብ ነው፤ ትልቁ ድርሻው የሳውዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ነው። በዚያችው ሪያድ እህቶቻችን በሰው ቤት ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ። በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት የሄደችው የቤት ሠራተኛ የወር ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው። ቅድም ባወጣነው ሒሳብ ይህን ገንዘብ ሮናልዶ በግማሽ ደቂቃ ያገኘዋል። እርሷ ግን ወሩን ሙሉ ሠርታ፣ ለራሷ ሳትገዛ፣ ቀንሳ ወደ አገር ቤት ትልካለች። አንተ ወንድሟ እዚህ ተቀብለህ ምን አደረግህበት? አል ናስር ያሸንፋል ብለህ አስያዝህበት። እህትህ የአሠሪዎቿን ወለል ጠርጋ ያገኘችውን ገንዘብ በዚያው ከተማ ኳስ ላይ መልሰህ ጣልከው። እናትህ መድኃኒት ስትጠብቅ፣ ታናሽህ የትምህርት ቤት ክፍያ ስትጠብቅ። እህትህ ደውላ «ገንዘቡ ደረሰ?» ስትልህ «ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ትላታለህ። እፈር! ይህን የምልህ ጠልቼህ አይደለም፤ እርሷ ይህን ልትልህ ስለማትችል ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ ኳስ ሲጫወት ደስ ይበላችሁ፤ በሰፈሩ ፕሮጀክት ይሰልጥን፣ ይሩጥ። ነገር ግን ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ «አንተ ነህ ከዚህ ኑሮ የምታወጣን» እያላችሁ የቤቱን ሸክም በትከሻው ላይ አትጫኑበት፤ ደብተሩንም አታስጥሉት። ኃይሌ ገብረሥላሴን እያየን ያደግን ሁላችን፣ በሩጫ ያገኘውን ገንዘብ ወደ አገሩ አምጥቶ ሆቴልና ሪዞርት እንደሠራበት፣ ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ እንደሆነ እናውቃለን፤ እንኮራበታለንም። ግን ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ሂዱና እዩ። ከገጠር መጥተው፣ ለአራትና ለአምስት አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንዲት የውጭ ውድድር ሳያገኙ ዓመታት የሚያልፉባቸው ስንት ናቸው! ውድድር ያገኘውም ቢሆን ከሽልማቱ ውስጥ ማናጀሩ ብዙ ጊዜ 15 ከመቶ ይወስዳል፣ ከፊት ካልገባ ደግሞ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ጉልበቱ ሲጎዳ የሚያሳክመው የለም። ለእነዚህ ልጆች ማንም አይወራረድም፣ ስማቸውንም ማንም አይጠራም።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አባቶቻችን። አርሴናል ሲያሸንፍ ጓደኛውን የሚሳደብ፣ ሲሸነፍ ከሚስቱ ጋር የሚጣላ ሰው ይህን ተረት ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታል።

ወደ ራሳችን ሜዳ ስመጣ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የእኛን ፕሪሚየር ሊግ ዲኤስቲቪ በ2013 ዓ.ም. ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ሮናልዶ በአንድ ወር ከሚያገኘው እምብዛም አይበልጥም። አብዛኞቹ ክለቦቻችን ከተመልካች በሚያገኙት ገቢ አይተዳደሩም። የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ወይም በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ ነው። የተጫዋቾች ደመወዝ ሲንር በ2011 ዓ.ም. ክረምት ክለቦቹ ተሰብስበው የወር ክፍያ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ፤ ብዙም ሳይቆይ በየጓዳው ተጣሰ። ውሉ ትልቅ፣ ካዝናው ባዶ ይሆንና ተጫዋቹ የወራት ደመወዝ አልተከፈለኝም ብሎ ልምምድ ያቆማል። የአውሮፓው ኮከብ የሚከፈለው ከማስታወቂያና ከቴሌቪዥን ነው፤ የእኛው የሚከፈለው ውሃ ላልገባለት ቀበሌ ከሚመደበው በጀት ጎን ከተቀመጠ ገንዘብ ነው። ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው፤ ሁለቱን «ኳስ ተጫዋች ሁሉ ሀብታም ነው» ብሎ በአንድ ዓይን ማየት ስንፍና ነው።

ብሔራዊ ቡድናችንስ? ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ጨዋታው «በሜዳችን» የተደረገ ተብሎ ተመዝግቧል። የተደረገው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው፤ በአገራችን የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መመዘኛ የሚያሟላ ሜዳ ስለጠፋ። እንዲህ ያለውን ድል ልጆቻችን በገዛ አገራቸው ስታዲየም ተቀምጠው ሊያዩት ይገባ ነበር። የሮናልዶን ውል አንቀጽ በአንቀጽ የምትተነትኑ ሰዎች፣ የከተማችሁ ስታዲየም ግንባታ ለምን እንደቆመ፣ ለግንባታው የወጣው ገንዘብ የት እንደደረሰ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ጠይቁ። የከተማችሁ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ለክለቡ ስንት እንደመደበ፣ ከዚያ ውስጥ ለደመወዝ ስንት፣ ለታዳጊ ስንት እንደሆነ ይነገረን በሉ። ታዳጊዎቹን የሚያሠለጥነው ሰው በወር ምን እንደሚያገኝ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። በዚህ ሳምንት ለትኬት ያሰባችሁትን ብር ይዛችሁ በሰፈራችሁ ሜዳ ወደሚሰለጥኑት ልጆች ሂዱ፤ ኳስ ያስፈልጋቸዋል፣ ጫማ ያስፈልጋቸዋል። አንተም ወንድሜ ዛሬ ማታ ለእህትህ ደውልና የላከችው ገንዘብ የት እንደደረሰ እውነቱን ንገራት።