ሥራ መምረጥ አይደለም፣ ዋስ ማጣት ነው
«የዘንድሮ ተመራቂ ሥራ ይመርጣል» በሚለው አልስማማም። እህቴ አካውንቲንግ ተምራ፣ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተናም አልፋ፣ ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ቤት ተቀምጣለች። ጠዋት ጠዋት የቴሌግራም ቻናሎችን ታያለች። የታክሲ ሲኖራት አራት ኪሎ ወርዳ የተለጠፈ ማስታወቂያ ታነባለች። «ዜሮ ዓመት» የሚል፣ ማለትም የሥራ ልምድ የማይጠይቅ፣ ስታገኝ ደስ ይላታል፤ ስትሄድ ግን ሰልፉ አጥሩን ዞሮ አስፋልት ደርሷል። ባለፈው ለገንዘብ ያዥነት ተፈትና አለፈች። ከዚያ ዋስ አምጪ አሏት፣ ያውም ቋሚ ደመወዝተኛ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ! አባታችን ጡረታ ወጥቷል፤ እኔም የምሠራው በግሌ ነው። ጎረቤት ለምነን ሰው እስክናገኝ ቀኑ አለፈ። «የራሳቸውን ሥራ ለምን አይፈጥሩም» ለምትሉም፣ ሻይ ቡና ለመጀመርም እኮ መነሻ ይፈልጋል። እሷ የፎቶ ኮፒ እንኳ ከእኔ ነው የምትወስደው፣ ያውም እየተሳቀቀች።