«ለምን መጣህ?» ብሎ የሚጠይቅ የጠፋበት እምነት

አብያተ ክርስቲያናት አዲስ ሰው ሲቀበሉ ብዙ ነገር ይጠይቃሉ። ምን እንደሚያምን፣ ከየትኛው ማኅበር እንደመጣ፣ የመሠረት ትምህርቱን ጨርሶ እንደሆነ፣ አንዳንዶቹም አሥራት ለማውጣት ያለውን ፈቃደኝነት ሳይቀር ይጠይቃሉ። ለምን እንደመጣ ግን የሚጠይቀው እምብዛም የለም። ጥያቄው ነውር ይመስላል፤ እንግዳን በር ላይ አቁሞ ኪሱን እንደ መፈተሽ ይቆጠራል። «ዋናው መምጣቱ ነው» ይባልና ይታለፋል። ሰውየውም ራሱን ሳይጠይቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ለሮሙ ሂጶሊጦስ ሲሰጥ የኖረው፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት አካባቢ እንደተዘጋጀ የሚነገርለት ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ቃሉን ለመስማት አዲስ የሚመጡ ሰዎች አስቀድመው ወደ መምህራን እንዲቀርቡና ወደ እምነቱ የመጡበትን ምክንያት እንዲጠየቁ ያዝዛል። ያመጧቸው ሰዎች ደግሞ ምስክር ይሆኑባቸዋል። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ተማሪው ትጉህ ከሆነ ግን የሚታየው ጠባዩ እንጂ የቆየበት ጊዜ አይደለም። ለጥምቀት ሲቃረብም መበለቶችን አክብሮ እንደሆነ፣ ሕሙማንን ጠይቆ እንደሆነ ይመረመራል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ክርስቲያን መሆን ሹመት ሳይሆን ክስ በሚያስከትልበት ዘመን ነው። ጥቅም ፈላጊ ሊመጣ የማይችልበት በር ላይ እንኳ ጠያቂ ይቆም ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ313 የሮም ነገሥታት ቆስጠንጢኖስና ሊቂንዮስ ለክርስቲያኖች ነጻነት ሰጡ። በ380 ደግሞ ቴዎዶስዮስ የኒቅያን እምነት የመንግሥቱ ሃይማኖት አደረገው። ከዚያ ወዲህ መጠመቅ የሚያስገኘው ነገር ነበረ፤ ሥራ፣ ጋብቻ፣ የባለሥልጣን ፊት። አውግስጢኖስ በ400 አካባቢ ለአንድ የካርቴጅ ዲያቆን አዲስ መጤዎችን እንዴት እንደሚያስተምር ሲጽፍለት ይህን አልሸሸገም። አንዳንዱ የሚመጣው ሌላ ሰው ደስ ለማሰኘት ወይም ከቁጣው ለማምለጥ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ክርስቲያን መምሰልን እንጂ መሆንን አይፈልግም ይለዋል። ቀጥሎ «አሰናብተው» የሚል ትእዛዝ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ይሳሳታል። ምክሩ ሌላ ነው፦ የሚነግርህ ምክንያት ሐሰት ቢሆንም ትምህርትህን ከዚያው ጀምር፤ ውሸቱን ለማጋለጥ አትቸኩል፤ አለኝ ያለው ዓላማ በእውነት መልካም ከሆነ አመስግነውና መስሎ ሊታይ የፈለገውን ሰው መሆን ራሱ ደስ እንዲለው አድርገው። በዚህ ጉዳይ ካነበብኋቸው ምክሮች ሁሉ ሰውን እንዲህ ጠንቅቆ የሚያውቅና እንዲህ የሚራራ አላገኘሁም።

የእኔም ክርክር ከዚህ ይነሣል። ሰው ወደ ክርስቶስ ለመምጣት ንጹሕ ምክንያት ይኑረው ከተባለ የሚቀር ሰው የለም። የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ቤት የተነሣው አባቱ ናፍቆት አልነበረም፤ የአባቱ ሠራተኞች እንጀራ ተርፎአቸው እርሱ በረሃብ መሞቱን አስቦ ነው። ጴጥሮስም «ሁሉን ትተን ተከተልንህ፤ እንግዲህ ምን እናገኛለን?» ብሎ በግልጽ ጠይቋል። ኢየሱስ አልገሠጸውም፤ አሥራ ሁለት ዙፋን ተስፋ ሰጠው፤ ወዲያው ግን መጨረሻ የመጡት ከመጀመሪያዎቹ እኩል ስለተከፈሉባት የወይን አትክልት ነገረው። ተስፋውን አልነፈገውም፣ ስሌቱን ግን አፈረሰበት። ያ ጴጥሮስ ነው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ብዙዎች ትተው ሲሄዱ «ወደ ማን እንሄዳለን?» ያለው። እንጀራ በልተው ስለጠገቡ ባሕር ተሻግረው ኢየሱስን የፈለጉት ሰዎች ትምህርቱ ሲከብድባቸው ተመለሱ። እነዚያም ጴጥሮስም ሲመጡ የሚፈልጉት ነገር ነበራቸው። የለያያቸው የፈለጉት ነገር ሳይሰጥ ሲቀር የሆነው ነው።

ታዲያ ምርመራው ለምን ያስፈልጋል? የመጣንበት ምክንያት ዝም ብለን ስንተወው ስለማይሞት ነው። ስሙን ቀይሮ፣ ጥቅስ ለብሶ፣ አንዳንዴም መንፈሳዊ ማዕረግ ይዞ ይቀመጣል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይህን ጥያቄ ከሁሉ አጥብቆ ያነሣው ሰይጣን መሆኑ ሊያስደነግጠን ይገባል። «ኢዮብ እግዚአብሔርን የሚፈራው በከንቱ ነውን?» አጥር ሠርተህለታል፣ ከብቱን አብዝተህለታል፤ ውሰድበትና እይ። ከዚህ የምረዳው የሌላውን ሰው ልብ መበርበር የከሳሽ ሥራ መሆኑን ነው። ጎረቤቱ ሲያምን «በስንት ተገዛ?» የሚል ሰው በማን ወንበር እንደተቀመጠ ቢያስብ ጥሩ ነበር። ነገር ግን እግዚአብሔር ጥያቄውን አላጣጣለውም። ፈተናውም ኢዮብ ቁጭ ብሎ ስሜቱን በመመርመሩ አልተፈታም፤ ስለ ጥያቄው እስከ መጨረሻው የነገረው የለም። የተፈታው ሁሉ ሲወሰድበት በሠራው ሥራ ነው። እርሱም ትሑት ዝምታ አልነበረም። የተወለደበትን ቀን ረገመ፣ ፍርድ ቤት ይቁምልኝ አለ፣ ተከራከረ። ፊቱን ግን ከእግዚአብሔር አላዞረም።

ብዙ ጊዜ የማይስተዋሉት ወዳጆቹ ናቸው። ኤልፋዝና በልዳዶስ ሶፋርም የሚሰብኩት ንጹሕ የሚመስል ሃይማኖት ነው፤ ንስሐ ግባ፣ እጅህን አንጻ፣ ያጣኸው እጥፍ ሆኖ ይመለስልሃል። ኢዮብ ይህን ምክር ቢቀበል ኖሮ ሰይጣን ክርክሩን አሸንፎ ነበር። ሀብቱን ለማስመለስ ንስሐ የገባ ሰው በከንቱ እንደማይፈራ በራሱ አፍ መመስከሩ ነውና። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ነው፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ይህን አንብቦ፣ በማግስቱ መድረክ ላይ ወጥቶ የኤልፋዝን ስብከት በማይክሮፎን የሚደግም ሰባኪ ያስገርመኛል።

ሌላኛው ጽንፍም አለ፤ ምንም ዋጋ የማይመኝ ንጹሕ ፍቅር ብቻ ይሁን የሚል። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት ሰዎች እግዚአብሔርን የሚታዘዙባቸውን ሦስት ሁኔታዎች ለይቶ ነበር፦ ቅጣት እንደሚፈራ ባሪያ፣ ደመወዝ እንደሚጠብቅ ቅጥረኛ፣ አባቱን እንደሚወድ ልጅ። በ1153 ያረፈው የክሌርቮው በርናርዶስም ሰው መጀመሪያ ራሱን ለራሱ ብሎ እንደሚወድ፣ ቀጥሎ እግዚአብሔርን ለራሱ ጥቅም እንደሚወድ፣ ከዚያ እግዚአብሔርን ስለ እግዚአብሔርነቱ፣ በመጨረሻም ራሱን እንኳ ለእግዚአብሔር ብሎ እንደሚወድ ጽፏል። አራተኛውን ደረጃ በዚህ ዓለም ፈጽሞ የደረሰበት ሰው መኖሩን ግን ተጠራጥሯል። ሁለቱም መሰላሉን የሠሩት ለመውጣት እንጂ የታችኛውን ረድፍ ለመቁረጥ አልነበረም። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የካምብሬው ሊቀ ጳጳስ ፌንሎን ፍርሃትም ተስፋም የማይቀላቀሉበት የፍቅር ሁኔታ አለ ብሎ ሲጽፍ በፈረንሳይ ትልቅ ክርክር ተነሣ፤ በ1699 የሮሙ ጳጳስ ኢኖሰንት 12ኛ ከመጽሐፉ ያወጧቸውን 23 ዐረፍተ ነገሮች አወገዙ። ፌንሎን እሺ ብሎ ተቀበለ። የሮም ፍርድ ሁሉ ትክክል ነው ባልልም በዚህኛው እስማማለሁ። መዳንን ሳይመኝ የሚወድ አማኝ ከሰውነቱ በላይ የቆመ ነው፤ «እኔ ዋጋ አልፈልግም» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውን በሌላ ገንዘብ ይቀበላል።

ከውጭ የመጣው ምርመራም ይጠቅመናል። የሥነ ልቦና ተንታኙ ፍሮይድ በ1927 ሃይማኖት ጥበቃ ከሚፈልግ ልጅ ምኞት እንደሚወለድ ጻፈ። ብዙ አማኞች ይህን እንደ ስድብ ይወስዱታል፤ ግን ምኞት ያለበት እምነት ሁሉ ሐሰት ነው ማለት እንዳልሆነ እርሱ ራሱ ተናግሯል። የተጠማ ሰው ውኃ መመኘቱ ውኃ እንደሌለ አያረጋግጥም። ከፍሮይድ ይልቅ የሚያሳስበኝ የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ የጎርደን ኦልፖርት ጥናት ነው። እርሱና ማይክል ሮስ በ1967 ባወጡት ጥናት ሃይማኖታቸውን ለመጽናናት፣ ለክብር ወይም ለወዳጅነት የሚጠቀሙበትን ሰዎች ሃይማኖታቸውን ከሚኖሩት ለይተው አጠኑ። ተጠቃሚዎቹ በሌላ ዘር ሰዎች ላይ ያላቸው ጥላቻ በዝቶ ተገኘ። ከእነርሱም የባሱት ግን ሃይማኖትን ደግፎ ለቀረበ ጥያቄ ሁሉ፣ እርስ በርሱ ቢቃረን እንኳ፣ «አዎ» ያሉት ነበሩ። ለምን እንደሚያምን ለይቶ የማያውቅ፣ ሁሉንም አሜን የሚል ሰው ከጥቅመኛው ይልቅ አስፈሪ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በእኔ ግምት በዘመናችን ከእንጀራም ከፈውስም በላይ ተሸሽጎ የሚኖረው መነሻ አሸናፊነት ነው። እምነቱ የወገን ምልክት የሆነበት፣ ክርስቶስን የሚወደው ተቃራኒውን ስለሚረታበት የሆነ ሰው ብዙ ነው። ይህ ሰው ይጾማል፣ ይዘምራል፣ ጥቅስ ያውቃል፤ ሊሞትለትም ይችላል። ከጥቅመኛው ጋር ስለማይመሳሰል ማንም አይጠረጥረውም፤ እርሱ ራሱም ቅንዓት እንጂ ሌላ ነገር አያይበትም። ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ስለ ቅንዓትና ስለ ክርክር ክርስቶስን የሚሰብኩ፣ በእስራቱም ላይ መከራ ሊጨምሩበት የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ። ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ መነሻቸውን ደብቆ አላለፈም፤ ሆኖም ክርስቶስ በየትኛውም መንገድ ስለተሰበከ ደስ ይለኛል አለ። ይህን ዐረፍተ ነገር በቅንነት ለመድገም መሞከር ከብዙ የልብ ምርመራ ይበልጣል። የማንወደው ማኅበር ሲያድግ፣ በስም የምንጠራው ተቀናቃኝ ሰባኪ ብዙ ሰው ሲያመጣ በውስጣችን የሚነሣው ነገር ምንድን ነው?

ውስጥን ብቻ ማየትም አያዋጣም። ጳውሎስ የቆሮንቶስ ሰዎችን በሃይማኖት መኖራችሁን ራሳችሁን መርምሩ ብሎ ያዝዛል፤ ለእነዚያው ሰዎች በላከው ሌላ መልእክት ደግሞ ራሴን እንኳ አልመረምርም፣ የሚከሰኝ ነገር ባላውቅም በዚህ አልጸድቅም ይላል። ሁለቱ የሚጋጩ አይመስለኝም። ሰው የገዛ ልቡ ዳኛ ሲሆን ወይ ይፈታዋል ወይ ያለ ማስረጃ ይሰቅለዋል። ማስረጃው ውጭ ነው ያለው፦ የለመነው ከተሰጠው በኋላ ጸሎቱ ምን ሆነ? ምጽዋቱን ማንም ባያውቅለት ይቀጥላል? ማኅበሩ ክብሩን ቢያጣ፣ ስሙ መሳቂያ ቢሆን፣ በዚያ ስም ይጠራል?

ጥያቄው ለግለሰቡ ብቻ መተውም የለበትም። በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትንሿ እስያ የተሰበሰበው የኒዮቄሣርያ ጉባኤ በ12ኛው ቀኖናው ታምሞ ሳለ የተጠመቀ ሰው ቅስና እንዳይሾም ወስኗል፤ ምክንያቱም እምነቱ ከግድ እንጂ ከፈቃድ የመጣ አይደለም ይላል። ጥምቀቱን አልከለከሉትም፤ ከማዕድም አላራቁትም። ከዚያ በኋላ የሚታየው ትጋቱና እምነቱ የተመሰከረለት ከሆነ፣ የሰው እጥረትም ካለ፣ ሊሾም እንደሚችል ጨምረው ጻፉ። በጭንቀት የመጣውን ተቀበሉት፤ ሌሎችን እንዲመራ ለማድረግ ግን ጭንቀቱ ካለፈ በኋላ ምን እንደሚሆን ለማየት ጠበቁ። ዛሬ ትናንት ተፈወስኩ ያለው ሰው ዛሬ መድረክ ላይ ይወጣል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም አገልጋይ ይባላል። ሰውየው ባይዋሽ እንኳ እምነቱ ገና ያልታየ ነው፤ ምስክርነቱን ለመስማት አንድ ሁለት ዓመት ብንታገሥ የሚጎዳ ማን ነው?