ጫማችሁን ያላመናችሁትን ሰው ቤታችሁን አታስረክቡት

ጁምዓ ቀን አንዋር መስጊድ አካባቢ ቆም ብላችሁ እዩ። መስጊዱ ሞልቶ ሰዉ አስፋልቱ ላይ ይሰግዳል። መስገጃ ይዞ የመጣ አለ፣ ካርቶን ያነጠፈም አለ። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ነገር ነው። ጫማቸው በፌስታል ተጠቅልሎ ግንባራቸው ከሚያርፍበት አጠገብ ተቀምጧል። እኔም እንደዚያው ነኝ። አንዴ በካልሲ ወደ ሱቄ ተመልሻለሁና አይፈረድብኝም።

ይህ ጥንቃቄ ነው፣ ነውር የለውም። ነውሩ ከሶላት በኋላ ነው። ጫማውን ለማንም ያላመነ ሰው፣ ገና ሶላቱን በሰላምታ ጨርሶ ከማሰላመቱ፣ አጠገቡ ለሰገደው ሰው ዋስ ሆኖ ይፈርማል። የእቁብ ዳኛ ያደርገዋል። የሱቁን ቁልፍ ያስረክበዋል። «እንዴት አመንከው?» ሲሉት «ሰውየው እኮ ሰጋጅ ነው!» ይላል።

ወገኖቼ፣ ተዉ!

ይህን የምላችሁ ያልተነካሁ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት ከሱብሒ ሶላት የማይቀር አንድ ሰው ሸሪክ እንሁን አለኝ። ግንባሩ ላይ የሱጁድ ምልክት አለ። ያጠራቀምኳትን ሰጠሁት። ወረቀት እንጻፍ ማለት አፈርኩ። ያላመንኩት እንዳይመስለው ብዬ! ወር ሳይሞላ ስልኩ ጠፋ፣ ሶፉም ላይ፣ የሰጋጆቹ ረድፍ ውስጥ፣ ቦታው ባዶ ሆነ። በኋላ አንድ ዑስታዝ ሲያስተምሩ ሰማሁ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የትኛው ነው? የበቀራህ ምዕራፍ 282ኛው። የሚናገረው ስለ ጀነት ወይም ስለ ጀሀነም አይደለም። ብድር ስትዋዋሉ ጻፉ፣ ምስክር አቁሙ ነው የሚለው። አላህ ጻፉ ያለውን እኔ አፍሬ ተውኩት። ጥፋቱ የሌባው ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ኸሊፋው ዑመር ዘንድ አንድ ሰው ሊመሰክር ቀረበ ይባላል። ዑመር «አላውቅህም፣ የሚያውቅህ ሰው አምጣ» አሉት። አንዱ ተነስቶ «እኔ አውቀዋለሁ፣ ታማኝ ነው» አለ።

«ጎረቤትህ ነው? መውጫ መግቢያውን ታውቃለህ?»

«አይ።»

«በዲናርና በዲርሃም ተገበያይተኸዋል?»

«አይ።»

«መንገድስ አብራችሁ ሄዳችኋል?»

«አይ።»

«እንግዲያው አታውቀውም!» አሉት። አንዳንዶች ሲተርኩት «ምናልባት መስጊድ ውስጥ ራሱን ዝቅ ቀና ሲያደርግ አይተኸው ይሆናል» የሚል ይጨምሩበታል። እኔን ያየኝ ሰው የጨመረው ይመስለኛል።

እነዚህን ጥያቄዎች እስኪ ወደ እኛ ከተማ አምጧቸው። ከሰውየው ጋር አንድ ግቢ የተከራየውን ጠይቁት። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ሲሆን በርሜሉን የሚሞላው ተራውን ጠብቆ ነው? መብራት ሲቆጠር ይጨቃጨቃል ወይስ ይከፍላል? መጀመሪያ ትንሽ ብር አበድሩትና ቀኑን ቁጠሩ። ቢቻል ደሴ ድረስ በአውቶብስ አብራችሁት ሂዱ። ጎማ ፈንድቶ ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት ስትቀመጡ፣ ከሻንጣው ያወጣትን ብስኩት ለማን እንደሚያካፍል ታያላችሁ። ከሦስት ዓመት ጁምዓ ይልቅ ያቺ ብስኩት ትናገራለች።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጥሩ ጓደኛን በሚስክ ሻጭ፣ መጥፎውን ደግሞ ወናፍ በሚነፋ ሰው መስለውታል። ሽቶ ሻጩ ወይ ይሰጥሃል፣ ወይ ትገዛዋለህ፣ ያም ባይሆን መዓዛው ይደርስሃል። ወናፍ የሚነፋው ወይ ልብስህን ያቃጥላል፣ ወይ ክፉ ሽታ ያሸትትሃል። ይህን ሀዲስ ለመረዳት መርካቶ ሰው መሆን ይጠቅማል። የአንዋር በር ላይ ትንንሽ ብልቃጥ ደርድረው ከሚሸጡት ጋር ትንሽ ቆሙ። አንዱ ሳትጠይቁት እጃችሁ ላይ ጠብ ያደርግላችኋል። ከዚያ ምናለሽ ተራ ግቡና የብየዳው ብልጭታ ሸሚዛችሁን ካልበሳው ንገሩኝ። (የምናለሽ ተራ ልጆች እንዳይቀየሙኝ። ከእነሱ ውስጥ ስንት የታመነ አለ!) ነውር ይቅር ይባልልኝና አበው ይህንኑ ነገር ከአህያ ጋር ስለዋለች ጊደር ተናግረውታል። ምን ተምራ እንደመጣች ታውቃላችሁ።

አሁን ወደሚያስቆጣችሁ ልምጣ። ብዙዎቻችን ታማኝነትን በስም እንመዝናለን። ስሙ አሕመድ ከሆነ፣ ቋንቋው የእኛ ከሆነ፣ የምንጠላውን ከጠላልን አበቃ! ሰፈራችን ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ እናቴ ወርቋን በመሀረብ ቋጥራ ለማን የሰጠች ይመስላችኋል? እትዬ እያልን ላደግንባቸው፣ ማተባቸው ከአንገታቸው ለማይለይ ጎረቤታችን። ለሠላሳ ዓመት ቡና ተጠራርተዋል። ዕቃ ጫኝ፣ አውራጅ፣ ዘመድ ነኝ ባይ ሁሉ ሲተራመስ እሳቸው ያንን መሀረብ ጡታቸው ስር ይዘው ዋሉ፣ አደሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲሱ ቤታችን ድረስ ሁለት ታክሲ ቀይረው አመጡት። ቋጠሮው እናቴ እንዳሰረችው ነበር።

ይህ ከዲን የወጣ ነገር የሚመስለው ካለ ሲራውን፣ የነቢያችንን የሕይወት ታሪክ፣ ያንብብ። ነቢያችንና አቡበክር ከመካ ሲሰደዱ መንገድ መሪ አድርገው የቀጠሩት ዐብደላህ ኢብን ኡረይቂጥን ነው። ያኔ ሙስሊም አልነበረም፣ በመካው ጎሳ በቁረይሾች እምነት ላይ ነበር። ሁለቱን ግመሎች አስረክበውት በሦስተኛው ሌሊት ሰውር ዋሻ እንዲመጣ ቀጠሩት። ቁረይሾች ለሚይዛቸው መቶ ግመል ሽልማት አውጥተዋል። ሰውየው መቶውን ትቶ በቀጠሮው መጣ። ከዚያም በፊት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች የተላኩት ወዴት ነው? ወደ እኛው አገር፣ ወደ ክርስቲያኑ ንጉሥ ነጃሺ። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ተሸክመው ስደተኞቹን ሊያስመልሱ ቢመጡ ስጦታቸውን መልሶ ሸኛቸው። የሙምተሒናህ ምዕራፍ 8ኛው አንቀጽም በሃይማኖታችሁ ላልተዋጓችሁና ከቤታችሁ ላላስወጧችሁ መልካም መዋልን፣ በፍትሕ ማስተናገድን አላህ አይከለክላችሁም ይላል። እኛ ግን ክልከላውን ብቻ መዝዘን እንጣላለን።

ጓደኛ ጠፋ ብላችሁ የምታማርሩትም ስሙ። የሙናፊቅ፣ የአስመሳይ ሰው፣ ምልክቱ ሦስት ነው ተብለናል። ሲናገር ይዋሻል፣ ቃል ሲገባ ያፈርሳል፣ ሲታመን ይከዳል። አልጋ ላይ ተኝታችሁ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደርሻለሁ» ስትሉ የትኛው ላይ ናችሁ? «ኢንሻአላህ» የሚለውን ቃል «እምቢ» ለማለት ካፈራችሁ ስንት ጊዜ ተጠቀማችሁበት? እኔን ብትጠይቁኝ፣ ትናንትም ብያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለመግሪብ ስንገባ አንድ ወጣት በር ላይ ያዘኝ። ለብድር ዋስ እንድሆነው ነው። የት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደሚሠራ ጠየቅኩት። ከፋው።

«ጋሼ፣ ሁሌ አብረን እየሰገድን?»

«ጫማህን ምነው እዚያ ከሌሎቹ ጋር አልተውከውም?» አልኩት።

በእጁ የያዘውን ፌስታል አየው፣ እኔም የእኔን አየሁት። ሁለታችንም ሳቃችንን ዋጥ አድርገን ገባን።