ማስተካከያ፦ የልጆቹ ኮድ ወደ ጠፈር አይሄድም

ባለፈው ሳምንት ለወላጆች ባወጣሁት ማስታወቂያ፣ የባሕር ዳሩ ክበባችን ልጆች ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሚጽፉት ኮድ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ይሠራል ብዬ ነበር። ስህተት ነው። የተማሪዎችን ኮድ በጣቢያው ላይ የሚያሠራውን አስትሮ ፓይ የተባለ መርሐ ግብር የሚያካሂዱት የአውሮፓ የጠፈር ድርጅትና ራስፕቤሪ ፓይ ፋውንዴሽን ናቸው፤ የሚያሳትፈውም በዋናነት የድርጅቱን አባል አገራት ተማሪዎች ነው፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ደንቡን ሳላነብ ቸኮልኩ። «እንኳን ደስ አላችሁ» የተባላችሁ ወላጆች ይቅርታ አድርጉልኝ።

ትምህርቱ ግን አልቀረም። መርሐ ግብሩ በጣቢያው ላይ የሚጠቀምበትን ኮምፒውተር የሚያስመስል ነፃ ሶፍትዌር እዚሁ ይሠራል። ማሳያው 8 በ8፣ ማለትም 64 መብራት ብቻ ነው። ቅዳሜ ዕለት አንዷ ተማሪ የደንገል ታንኳ ልትሥል ብላ ቀዛፊው አልገባ አላት። ባለ ካሬ ደብተር አውጥታ በእርሳስ እየቀባች እያጠፋች ቆየች፤ በመጨረሻ ሰውየውን 2 ነጥብ አድርጋው ወደ ኮዱ ተመለሰች።

ሌላም አለ። የጣቢያውን ፍጥነት «በሰዓት 7.66 ኪሎ ሜትር» ብዬ ጽፌያለሁ፤ «በሰከንድ» ነው። በሰዓት ቢሆንማ የቀበሌ 14 ባጃጅ ይቀድመው ነበር! በትክክለኛው ፍጥነት፣ ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ጣናን በ11 ሰከንድ ያቋርጣል።

ከእንጦጦ መጠቀች ያልኳት የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው ከቻይና ነው፤ እንጦጦ ያለው መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ ነው።

የቅዳሜው ሰዓት እንዳለ ነው፤ ጠዋት 3፡00።